ልባጥና ጥበብ
ስለ መስተዋት፣ ስለ ወርቅና የዘመኑ ሠዓሊ ከእጅ ሥራ ስለሚወርሰው ነገር

በቴፒና በዙሪያዋ ባሉት የቡና አገሮች ቡና ሲፈላ ሁለት ዕቃዎች ጐን ለጐን ይቀርባሉ። አንደኛው ጥቍሩ የሸክላ ጀበና ነው፤ ሁለተኛው ከንፈሩ በቀጭን የወርቅ መስመር የተከበበው ነጭ ስኒ ነው። ጀበናው ሸክላ ሠሪ ሴት አፈሩን ቆፍራ፣ አድቅቃና አቡክታ፣ ያለ መንኰራኵር በእጅዋ አንጻ፣ በእሳት ተኩሳ ያወጣችው ነው። ስኒው ግን ከባሕር ማዶ ከፋብሪካ የመጣ ነው። የስኒው ወርቅ ደጋግሞ ሲታጠብ እየለቀቀ ይሄዳል፤ ጀበናው ግን በዋለ ባደረ ቍጥር ይበልጥ ይጠቍራል፣ ይበልጥም ይወደዳል። ይህም ሆኖ እንግዳ ሲመጣ ከሣጥን የሚወጣውና የሚደነቀው ባለወርቁ ስኒ ነው። ጀበናውን ማን እንደ ሠራችው የሚጠይቅ ሰው ብዙ አይገኝም።

ነገሩ የቤት ውስጥ ትንሽ ነገር ቢመስልም፣ በኪነ ጥበብ ዘንድ ዛሬ ከሚነሡት ክርክሮች አንዱን በቅርብ ያሳያል። ይኸውም፣ አንድ የዘመኑ ሠዓሊ ከጥንት የወረደ የእጅ ሥራ ይዞ ሲሠራ የሚወርሰው ምንድን ነው? የላዩን ማብረቅረቅ ነው ወይስ የሥራውን ሥርዐት? ለዚህ ጥያቄ በወርቅ የተለበጠውን የመስተዋት ሥራ ያህል የሚመች ምሳሌ በቀላሉ አይገኝም፤ በዚህ ሙያ ውስጥ ማብረቅረቁና ሥርዐቱ ሊለያዩ አይችሉምና። ስለዚህ አስቀድሞ ሙያው እንዴት እንደሚሠራ መረዳት፣ ቀጥሎም በኢትዮጵያ ውስጥ ወደዚህ ሙያ የቀረበውን ታላቅ ሥራ መመርመር፣ በመጨረሻም ፍርዱን ወደ ቴፒ ጀበና መልሶ ማየት ይገባል። ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ያልተባለባቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

፩. ስለ ቃሉና ስለ ሥራው

በአማርኛ «ለበጠ» ማለት አንዱን ነገር በሌላው ላይ በስሱ አለበሰ ማለት ነው። እንጨት በብር ይለበጣል፤ ብርም በወርቅ ይለበጣል። ከዚሁ ግሥ ጋር የሚዛመደው «ለበጣ» ግን የላይ የላዩን፣ ከልብ ያልሆነውን ነገር ያመለክታል። የለበጣ ሳቅ የሚባለው ጥርስ ስቆ ልብ የማይስቅበት ሳቅ ነው። እንግዲህ ቋንቋው ራሱ በልባጥ ላይ ጥርጣሬ አለው፤ ላዩ ወርቅ የሆነው ሁሉ ውስጡ ወርቅ እንዳልሆነ ያውቃል።

በሌላ ወገን ደግሞ ይኸው ቋንቋ ከወርቅ ሠሪ ዘንድ ሌላ ምሳሌ ተበድሯል፤ እርሱም ሰምና ወርቅ ነው። አንጥረኛው የሚፈልገውን ቅርጽ በሰም ይሠራል፤ ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል፤ ጭቃው በእሳት ሲደርቅ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በባዶው ስፍራ ወርቅ ይፈስበታል። የቅኔ መምህራን ይህን የእሳት ሥራ ወስደው የላዩን ንግግር ሰም፣ የውስጡን ምሥጢር ወርቅ አሉት። ነገር ግን ምሳሌው በቅኔ ማኅበር ሲከበር፣ ምሳሌውን የሰጠው አንጥረኛ በመንደሩ ሲናቅ ኖረ። ጥበቡ ተወስዶ ጥበበኛው ሲቀር የታየበት ከዚህ የጠራ ምሳሌ በአገራችን የለም፤ ለዛሬው ክርክርም መነሻ የሚሆነው ይኸው ነው።

የመስተዋት ልባጥ ከሁለቱም የተለየ ጠባይ አለው። ወርቁ የሚለጠፈው በመስተዋቱ ፊት ሳይሆን በጀርባው ነው። ሠሪው መስተዋቱን ከቅባትና ከጣት አሻራ እስኪነጻ ድረስ ያጥባል፤ በሙቅ ውሃ የተበጠበጠ ስስ ጄላቲን ያፈስበታል፤ ከዚያም ተቀጥቅጦ እጅግ የሳሳውን ወርቅ በሰፊ ለስላሳ ብሩሽ አንሥቶ ያለብሰዋል። ይህ ወርቅ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊሜትር 1/10,000ኛ ገደማ ስለሆነ፣ የሰው ትንፋሽ እንኳ ያጥፈዋል። ሲደርቅ የተሰነጠቀውን በሁለተኛ ንጣፍ ይደፍናል። ቀጥሎም በመርፌ እየጫረ ሥዕሉን ይሥላል፤ ትርፉን ወርቅ ይጠርጋል፤ በመጨረሻም ጀርባውን በጥቍር ወይም በሌላ ቀለም ይሸፍነዋል። ሥራው ሲያልቅ መስተዋቱ ይገለበጣል፤ ተመልካቹም የሚያየው ሠሪው በሥራው ጊዜ ያላየውን ገጽ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። መጀመሪያ፣ የሥራው ተራ የተገላቢጦሽ ነው። በብራና ላይ የሚሥል ሰው መደቡንና ልብሱን አስቀድሞ የዐይኑን ብሌን በመጨረሻ ያገባል፤ በመስተዋት ጀርባ የሚሥል ግን ብሌኑን አስቀድሞ መደቡን በመጨረሻ ያደርጋል። ቀኙ ግራ፣ ግራው ቀኝ ይሆናል፤ ፊደል መጻፍ ቢያስፈልግ «ሀ» እና «ለ» እንኳ ተገልብጠው ይጻፋሉ። ሁለተኛ፣ ስሕተት አይታረምም። በሸራ ላይ የተሳሳተ ቀለም በሌላ ቀለም ይሸፈናል፤ በመስተዋት ግን አስቀድሞ የገባው ሁልጊዜ ከፊት ነው፤ በኋላ የመጣው ሊሸፍነው አይችልም። ስለዚህ ይህ ሥራ ከእጅ በፊት አሳብን ያስለምዳል። ልባጥ ቢሆንም ለበጣ አይደለም።

ሙያው ረዥም ዕድሜ አለው። በሮም አገር በ3ኛውና በ4ኛው ክፍለ ዘመን ሠሪዎች የወርቅ ሥዕልን በሁለት መስተዋት መካከል አድርገው በእሳት ያጣብቁት ነበር፤ ከዚህ የተረፉት ብዙዎቹ የጽዋ መቀመጫዎች ከክርስቲያኖች የምድር ውስጥ መቃብር ተገኝተዋል። በ1400 ገደማ ጣሊያናዊው ሠዓሊ ቼኒኖ ቼኒኒ ስለ ሠዓሊነት በጻፈው መጽሐፍ ወርቅን በመስተዋት ጀርባ ለጥፎ በመርፌ መሣልን አስተምሯል። ፈረንሳዮች ሥራውን የሚጠሩበት ስም በ1786 ከሞተው ከዣን ባቲስት ግሎሚ ስም የወጣ ነው፤ እርሱ ግን ሥዕሎችን በክፈፍ የሚያስገባ ባለሙያ እንጂ የሙያው ፈጣሪ አልነበረም።

ከአፍሪካ የሴኔጋል ታሪክ ልብ የሚባል ነው። በዚያ አገር በመስተዋት ጀርባ መሣል «ሱዌር» ይባላል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የቅኝ ግዛቱ መንግሥት የእስልምና ታሪክ የታተመባቸው ሥዕሎች ከውጭ እንዳይገቡ በከለከለ ጊዜ፣ የአገሩ ሰዎች ሥዕሎቹን ራሳቸው በመስተዋት ላይ ሠሯቸው። እንደ ጎራ ምቤንግ ያሉ ሠዓሊዎች የገበያ ሥራ ሲባል የነበረውን ወደ ታወቀ ጥበብ አደረሱት፤ ከእነርሱ በኋላም እንደ ዠርሜን አንታ ጋይ ያሉ በዘመናዊ ትምህርት ያደጉ ሠዓሊዎች ሙያውን ተቀብለው በዘመናዊ ማሳያ አዳራሾች አቀረቡት። በሴኔጋል ገበያውና ማሳያ አዳራሹ የተገናኙት በአንድ ሙያ ላይ ነው፤ የገበያው ሠሪ ስምም ሳይጠፋ ቀርቷል።

፪. በኢትዮጵያ የወርቅና የመስተዋት ዕድል

ኢትዮጵያ መስተዋትንም ወርቅንም ከጥንት ጀምሮ ታውቃለች፤ ሁለቱ ግን በአንድ ሙያ አልተጋቡም። በ1ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የቀይ ባሕር መርከበኞች መምሪያ ወደ አዱሊስ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል ልዩ ልዩ የመስተዋት ዕቃ ይቈጥራል። በአክሱም ቍፋሮዎችም ብዙ የመስተዋት ስብርባሪ ተገኝቷል። በወርቅ መለበጥን በሚመለከት ደግሞ አክሱማውያን በጥንቱ ዓለም እምብዛም ያልታየ ሥራ ሠርተዋል፤ በብርና በመዳብ ገንዘባቸው ላይ የንጉሡን ራስ ዙሪያ ወይም የመስቀሉን መካከል ብቻ መርጠው በወርቅ ይለብጡ ነበር። ወርቁ የተቀመጠው ዐይን እንዲያርፍበት በተፈለገው ስፍራ እንጂ በሁሉ ላይ አይደለም። ይህ የልባጥን ጠባይ በሚገባ ያወቀ እጅ ሥራ ነው።

በብራና ሥዕል ዘንድ ግን ወርቅ እጅግ ብርቅ ነው። ሠዓሊው የወርቁን ስፍራ በቢጫ ቀለም ይሞላል። ከዚህ ልማድ ውጭ ከሆኑት የታወቀው በግሸን ማርያም የሚገኘው፣ በዐፄ ዳዊት ዘመን በ1400 ገደማ የተጻፈው ተአምረ ማርያም ነው፤ በዚህ መጽሐፍ ወርቅ በቀለምነት ገብቷል። ይህ አንድ መጽሐፍ የሌሎቹን ብዛት ይበልጥ ያጐላል፤ የኢትዮጵያ ሥዕል ክብሩን ያገኘው በጥቍር መስመርና በሙሉ ቀለም እንጂ በወርቅ አይደለም።

ወደ ምዕራብ ደቡብ ሲወረድ መስተዋት የመጣው በሌላ መልክ ነው፤ በዶቃ። ከቬኒስና ከቦሄሚያ ተነሥቶ በነጋዴ እጅ የተሻገረው ዶቃ፣ የባሕር በርና የመስኮት መስተዋት ባልደረሰበት ሁሉ ደርሷል። የአካባቢው ሕዝቦች ዶቃውን እንደ መጣ አልተዉትም፤ በቀለም መርጠው፣ በተራ ሰክተው፣ በዕድሜና በማዕርግ ከፍለው የራሳቸው ቋንቋ አደረጉት። መስተዋቱን ያቀለጠው የባዕድ እጅ ነው፤ ትርጕም የሰጠው ግን የሰካው እጅ ነው። የዶቃውን ነገር እዚህ ላይ መያዝ ይጠቅማል፤ በአዲስ አበባ ያለውን ታላቅ የመስተዋት ሥራ ለመመዘን ያገለግላልና።

፫. የአፍሪካ አዳራሽ መስኮቶች

በኢትዮጵያ አንድ የዘመኑ ሠዓሊ ወደ ጥንታዊ የመስተዋት ሙያ የገባበት ዋነኛ ሥራ የአፈወርቅ ተክሌ የአፍሪካ አዳራሽ መስኮቶች ናቸው። ሥራው በቀለም የተነከረ መስተዋት እየተቈረጠ የሚጋጠምበት እንጂ በወርቅ የሚለበጥ አይደለም፤ ሆኖም ከልባጡ ሥራ ጋር ቅርብ ዘመድ ነው። በሁለቱም ሠዓሊው ከብርሃን ጋር ይሠራል፤ በሁለቱም የተቈረጠው አይመለስም።

አፈወርቅ በ1932 በአንኮበር ተወለዱ። በ1947 ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር፤ ዝንባሌያቸው ግን ወደ ሥዕል ስለ ሆነ በለንደን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቶች፣ በኋላም በስሌድ ተማሩ። በ1954 ተመልሰው በአዲስ አበባ ሥራቸውን ካሳዩ በኋላ እንደገና ወደ አውሮፓ ሄደው ሁለት ዓመት ያህል ቈዩ። በዚህ ጊዜ ሁለት ነገር በአንድነት አጠኑ፤ አንደኛው ባለቀለም መስተዋት አሠራር፣ ሁለተኛው በአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት የሚገኙት የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ሥዕሎች ናቸው። ይህ ጥምረት ለሒስ ሰው ትልቅ ፍንጭ ነው። ሠዓሊው የባዕዱን ሙያና የአገሩን ሥዕል በአንድ ወቅት፣ ሁለቱንም ከአገራቸው ርቀው ተማሩ።

በአርክቴክቱ አርቱሮ ሜዜዲሚ የታነጸው የአፍሪካ አዳራሽ በ1961 ተመረቀ። በመግቢያው ያሉት ሦስቱ መስኮቶች በአንድነት 150 ካሬ ሜትር ያህል ናቸው፤ ርእሳቸውም የአፍሪካ ፍጹም ነጻነት ነው። ያለፈው መከራ፣ ትግሉና የወደፊቱ ተስፋ በየመስኮቱ ተከፍለዋል። ክፋት በአፅምና በዘንዶ ተመስሏል፤ የተስፋው መስኮት ችቦ የያዙትን ሰዎች ከፊት አድርጎ የአፍሪካን ሕዝቦች በየልብሳቸው ያቆማል። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 1963፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር በዚሁ ሕንጻ ተፈረመ። እንግዲህ መስኮቶቹ የተሠሩት ነገሩ ከመፈጸሙ በፊት ነው፤ ትንቢት ነበሩ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የሥራው ብርታት በርእሱ ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያ የብራና ሥዕል ጠባይ ጥቍር መስመርና በመስመሩ ውስጥ የተሞላ ሙሉ ቀለም ነው፤ የባለቀለም መስተዋት ጠባይም ጥቍር መጋጠሚያና በመጋጠሚያው መካከል የተያዘ ሙሉ ቀለም ነው። አፈወርቅ ይህን ዝምድና አይተዋል። የሰዎቹን ፊትና ልብስ ማዕዘን ባላቸው ሰባራ ገጾች ስለ ከፈሉ፣ የመስተዋቱ መቍረጫ ያወጣው ቅርጽና ሠዓሊው የሣለው ቅርጽ አንድ ሆነዋል። ጠዋት ብርሃኑ ሲገባ የሚታየው ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ በግድግዳ ላይ የተቀባ ቀለም አይመስልም፤ አየሩን ራሱን ያቀልመዋል። በእነዚህ ስፍራዎች ሠዓሊው ከሙያው ጋር ይነጋገራሉ።

ድካሙም በግልጽ ሊነገር ይገባል። አንዳንድ ስፍራ መስተዋቱ የዘይት ሥዕልን ሥራ እንዲሠራ ታዟል፤ የአካሉ ድልብነት በጥላና በብርሃን እንዲወጣ ተፈልጓል። በዚያ ጊዜ ቀለሙ ኀይሉን ያጣል፤ መስተዋቱ የመስኮትነት ግርማውን ትቶ ብርሃን የበዛበት ሸራ ይመስላል። ደግሞም ሕዝቦቹ በልብሳቸው ተለይተው ሲቆሙ ልብሱ የማን ወገን እንደ ሆነ ለተመልካቹ ይነግራል፤ ልብሱን የሸመነው ግን በዚህ አቀራረብ ሊታይ አይችልም። አንድ ሕዝብ በጌጡ ብቻ ሲታወቅ፣ የሕዝብ ጥናት ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚወድቁበት ስሕተት በሥዕል ተደገመ ማለት ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ጥያቄ የእጅ ጥያቄ ነው። ንድፉ የአፈወርቅ ነው፤ መስተዋቱን በአውሮፓ ቈርጠው ያጋጠሙት ግን ሌሎች ባለሙያዎች ናቸው። በዚህ ውስጥ ነውር የለም፤ የአውሮፓ ካቴድራሎች መስኮቶችም የተሠሩት በንድፍ አውጪና በቈራጭ ትብብር ነው። ነገር ግን ሥራው ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ተፈጽሞ ነው። መስኮቱ መጣ፤ ምድጃው አልመጣም። አንድ ወጣት መስኮቱን አይቶ ሊደነቅ ይችላል፤ መስተዋት እንዴት እንደሚቀልጥ፣ እንደሚቈረጥና እንደሚጋጠም ግን ከመስኮቱ ሊማር አይችልም። ስለዚህ መስኮቶቹ በኢትዮጵያ ሥዕል ታሪክ ውስጥ ታላቅ ሥራ ሆኑ እንጂ፣ እንደ ሽመናና እንደ አንጥረኝነት ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ሙያ መነሻ አልሆኑም።

እዚህ ላይ የዶቃው ነገር ይመለሳል። ዶቃም ተፈጽሞ ከውጭ የመጣ ነው፤ ነገር ግን ፍሬ ፍሬው ስለ መጣ የመጨረሻው ሥራ ለተቀባዩ ቀርቶለታል። መስኮቱ ግን የሚጨመርበት ነገር ሳይቀር መጣ። አፈወርቅ በ2012 ዐረፉ፤ አዳራሹም ከረዥም እድሳት በኋላ በ2024 ዳግመኛ ተከፈተ። የመስኮቶቹ መጠበቅ ትልቅ ደስታ ነው። የሚያሳስበው፣ ጥበቃው ራሱ የውጭ ባለሙያ እጅ የሚጠይቅ ሆኖ ለዘላለም እንዳይቀር ነው።

፬. ቀርከሃና ጭቃ

ከመስኮቶቹ ጋር ለማነጻጸር ሁለት ሌሎች ሥራዎች በቂ ናቸው። ዘሪሁን የትምጌታ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተማሩ ሠዓሊ ናቸው፤ በ1992 በዳካር በተደረገው የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ትርኢት ከፍተኛ ሽልማት ተቀብለዋል። የታወቁበት ሥራ ስስ የቀርከሃ ስንጣሪዎችን ጐን ለጐን ደርድረው በዚያ ላይ የሚሥሉት ነው። በሥዕሉ ውስጥ የክታብ ዐይኖች፣ የቤተ ክርስቲያን ቅዱሳንና የልዩ ልዩ የአፍሪካ ሕዝቦች ምልክቶች ይገናኛሉ።

የቀርከሃው ጥቅም ጌጥ መሆኑ አይደለም። በስንጣሪዎቹ መካከል ክፍተት ስላለ አንዱ ፊት በብዙ ቦታ ይቈረጣል፤ ሠዓሊውም መስመሩ ክፍተቱን እንዴት እንደሚሻገር አስቀድመው ማሰብ አለባቸው። ይህ የሸማኔ አሳብ ነው፤ ሸማኔ ጥለቱን የሚያየው በአንድ ጊዜ ሳይሆን በክር በክር ነው። ከመስተዋቱ ልባጥ ጋርም ይዛመዳል፤ ዕቃው ለሠዓሊው ሕግ ያወጣል፣ ሠዓሊውም ለሕጉ ታዝዘው ነጻነታቸውን በውስጡ ያገኛሉ። ቀርከሃው ቢወጣና ሥዕሉ በሸራ ቢገለበጥ ሥራው ይሞታል። አንድ ሠዓሊ የእጅ ሥራን ወርሷል ወይስ ለብጦበታል ለሚለው ጥያቄ የተሻለ ፈተና ይኸው ነው፤ ዕቃው ሲወጣ ሥራው የሚቆም ከሆነ ዕቃው ጌጥ ነበረ።

ሁለተኛው ምሳሌ በአዲስ አበባ በ2019 የተከፈተው ዞማ ሙዚየም ነው። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና የሥነ ጥበብ ባለሙያዋ መስከረም አሰግድ የሠሩት ይህ ስፍራ ግድግዳው በጭቃና በጭድ የቆመ ነው። ኤልያስ በሌሎች ሥራዎቻቸው የተጣሉ የኤሌክትሪክ ሽቦዎችን እየጠለፉና እየሰፉ ሥዕል የሚያወጡ ናቸው፤ በዞማ ግን ያ የእጅ ትዕግሥት ወደ ቤት ሥራ ተሻገረ። ጭቃ መምረግ በኢትዮጵያ የድኻ ቤት ሥራ ተብሎ ሲተው የነበረ ሙያ ነው። ሙዚየሙ ይህን ሙያ በዕቃ ሣጥን ውስጥ አስቀምጦ ከማሳየት ይልቅ ራሱን በሙያው አቆመ፤ ግድግዳው በየጊዜው መታደስ ስላለበትም ሙያው ካልቀጠለ ሕንጻው አይቆይም። ይህ ለአፍሪካ አዳራሽ መስኮቶች የጐደላቸው ነገር ነው።

በዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል። ሠዓሊ ነጻ ነው፤ የሙያ ጠባቂ፣ የማኅበራዊ ኑሮ አሻሻይ ሊሆን አይገደድም፤ የሥራው ዋጋ በሥራው ውስጥ መፈለግ አለበት የሚሉ አሉ። ተቃውሞው እውነት አለው፤ በደግ አሳብ የተሠራ ደካማ ሥዕል ያው ደካማ ሥዕል ነው። ነገር ግን ሠዓሊው ራሱ «ከባህላዊ እጅ ሥራ ወርሻለሁ» ብሎ ክብር ሲፈልግ፣ ውርሱ እውነተኛ መሆኑን መጠየቅ ከሥነ ጥበብ ፍርድ ውጭ አይደለም። ወራሽነቱን የተናገረው እርሱ ነውና የሟቹን ዕዳም ሊጠየቅ ይገባል።

፭. ወደ ጀበናው መመለስ

ዕዳው ምን እንደ ሆነ በቴፒና በአካባቢው ግልጽ ሆኖ ይታያል። በምዕራብ ደቡብ ብዙ አገሮች ሸክላ ሠሪው፣ ቆዳ ፋቂውና ብረት ቀጥቃጩ ለብዙ ዘመን ከሌላው ጋር በአንድ ማዕድ እንዳይቀመጡና እንዳይጋቡ ተለይተው ኖረዋል፤ በካፋና በሸካ ማንጆ የተባሉት ወገኖች የደረሰባቸው መለየት ለሕዝብ ጥናት ሰዎች በሚገባ የታወቀ ነው። ይህ የደቡብ ብቻ ነገር አይደለም። በሰሜኑም ሸማኔና ቀጥቃጭ የስድብ ስም ነበሩ፤ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መሳደብን በዐዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። ዐዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡ ግን በዐዋጅ ብቻ አልጠፋም።

እንግዲህ ከቴፒ ወይም ከሚዛን የተነሣ አንድ ወጣት ሠዓሊ ዛሬ ምን ይዞ ሊሠራ ይችላል? ወርቅና መስተዋት ከሩቅ መፈለግ አያሻውም። ወደ ማሻ ደጋ ሲወጣ ቀርከሃ አለ፤ በጫካው ዛፍ ላይ የተሰቀለ የንብ ቀፎ አለ፤ የቡና ቅጠል ተፈልቶ በቅመም የሚጠጣበት ቅል አለ፤ ዶቃ አለ፤ ጀበና አለ። አደጋው የዕቃ ማጣት አይደለም። አደጋው ሠዓሊው ጀበናውን ከሸክላ ሠሪዋ ገዝቶ፣ ላዩን ቀብቶ፣ በከተማ አዳራሽ «ዘመናዊ ሥራ» ብሎ በስሙ ሲያቆመው ነው። በዚያን ጊዜ ጀበናው እንደ ስኒው ከንፈር ተለብጧል፤ ልባጡም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይለቃል።

ሌላው መንገድ ረዥምና አድካሚ ነው። ሠዓሊው አፈሩ የሚቆፈርበትን ስፍራ ማወቅ፣ ጭቃው መቼ እንደሚቀጥንና መቼ እንደሚወፍር በጣቱ መማር፣ በእሳቱ ውስጥ የሚሰነጠቀው ስንት እንደ ሆነ መቍጠር አለበት። ከሁሉ በፊት ግን ከምትሠራው ሴት ዘንድ ተቀምጦ መማር፣ እንደ መምህርም ማክበር አለበት። ከአንድ ትውልድ በፊት በብዙ ቤት እግሯን አስገብታ መቀመጥ ካልተፈቀደላት ሴት ዘንድ ተማሪ መሆን በራሱ ታላቅ ነገር ነው። ከሥዕሉ አስቀድሞ የሚለወጠው የአቀማመጡ ተራ ነው፤ በመስተዋት ጀርባ እንደሚሠራው ሥራ፣ በኋላ የሚታየው አስቀድሞ ይደረጋል።

ለሕዝብ ጥናት ሰዎችም የሚደርስ ክፍል አለ። በሙዚየም ውስጥ ከሥዕል በታች ያለው ወረቀት የሠዓሊውን ስም፣ የሥራውን ርእስና ዓመተ ምሕረቱን ይናገራል። ከጀበና በታች ያለው ወረቀት ግን ብዙ ጊዜ «ጀበና፤ ሸክላ፤» ብሎ የሕዝቡን ስም ይጨምርና ያበቃል። ሕዝብ ጀበና አይሠራም፤ አንዲት ሴት ትሠራለች። ዕቃው ሲሰበሰብ ስሟን መጠየቅ አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነበር። በአለፈው ዘመን የተሰበሰበው ስም የለሽ ሆኖ ቀርቷል፤ ከእንግዲህ ለሚሰበሰበው ግን ምክንያት አይኖርም።

አፈወርቅ ተክሌ የብራናውን መስመር ወደ መስተዋት አሻግረው ኢትዮጵያዊ ሥዕል በማናቸውም ሙያ ውስጥ ሊናገር እንደሚችል አሳይተዋል፤ ይህን የሚያሳንስ ፍርድ ፍርድ አይደለም። ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ደግሞ የአገሩ ሙያ ራሱ ዘመናዊ ሥራን ሊሸከም እንደሚችል አሳይተዋል። የሚቀረው ሦስተኛው ሥራ ነው፤ እርሱም ሙያውን የጠበቀው ሰው ከሙያው ጋር አብሮ እንዲታይ ማድረግ ነው። ይህ እስኪሆን ድረስ የቴፒው ስኒ ወርቁ እየለቀቀም ቢሆን መወደሱን ይቀጥላል፤ የጀበናው ሠሪም ከበር ውጭ ቆማ ዋጋዋን ትጠብቃለች።